ሁለት ማይክና አንድ ቦምቦሊኖ

የጓደኛዬ አያቶች ከተጋቡ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ምን ስጦታ እንደሚሻል ቤተሰቡን ግራ ገባው። አንዱ ብርድ ልብስ አለ፣ አንዱ ፍሪጅ አለ፣ ሌላው ፍሪጁ ገና ደህና ነው ብሎ ተከራከረ። ጓደኛዬ ግን የፍቅር ታሪካቸውን በራሳቸው ድምፅ ቀድተን እንስጣቸው አለች። ለነገሩ እኔና እሷ ከዚህ ሌላ የምናውቀው ሥራ የለም። አምስት ኪሎ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳዋን በእንቁላል ትሪና በብርድ ልብስ የለበጥናት ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ለማስታወቂያም ለትረካም ለሠርግ ቪዲዮም የሚሆን ድምፅ እናዘጋጃለን። እሷ ሰው ታናግራለች፤ እኔ ሄድፎኔን ደፍቼ የተቀዳውን አጸዳለሁ።

አያቶቿ እሪ በከንቱ ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ በሙሉ አባባና እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። አባባ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆመው ማኪያቶ ሲያወርዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ወሬ ከጀመሩ የቸኮለ ሰው እንኳ ታክሲውን አሳልፎ ይሰማቸዋል። እማማ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከኬክ ቤቱ ፊት ለፊት ወርቅ ቤት ውስጥ ሻጭ ነበሩ። እማማ ዝምተኛ ናቸው ይባላል። መቁጠሪያቸውን ይዘው ከሶፋው ጥግ ይቀመጣሉ፣ ከንፈራቸው ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፣ ዚክር ላይ ናቸው ብሎ ማንም አይረብሻቸውም። እኔም ስንት ጊዜ እዚያ ቤት ሻይ ስጠጣ እንደዚያ እያሰብኩ ነው የኖርኩት።

የቀረጻው ቀን ሁለት ትንንሽ የደረት ማይኮች ይዘን ሄድን። አንዱን አባባ ኮሌታ ላይ፣ አንዱን እማማ ሻርፕ ጫፍ ላይ ሰካሁ። አባባ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ቀብረው፣ ለማይኩ ሰላምታ አቀረቡለት። እማማ ግን የሚያወራው እሱ ነው፣ እኔን ምን አደከማችሁኝ አሉ። ምናልባት አንድ ቃል ጣል ቢያደርጉ እንዳያመልጠን ነው አልኳቸው። እሺ ብለው መቁጠሪያቸውን አነሡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጫጫታ ነው። ጎረቤት በር ይበየዳል። ቆራሌው ልክ አባባ ትንፋሽ ሲወስዱ ጠብቆ በመስኮቱ ሥር ይጮኻል። ከላይኛው መንገድ የታክሲ ረዳት ጥሪ ይመጣል፤ ፍሪጁ እያጓራ ይነሣል፤ በመጨረሻም ዝናብ መጥቶ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር። አባባ ግን ከሁሉም በላይ ጮኸው ተረኩ። ጓደኛዬ እማማን ስትጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ «እሱ ይንገራችሁ።» ስንወጣ ጓደኛዬ አያቷ ምንም ስላልተናገሩ ተከፍታ ነበር። አባባን በደንብ ካጸዳሁልሽ ይበቃል ብዬ አጽናናኋት።

ቢሮ ገብቼ ከፈትኩት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ በሁለት ማይክ ሲቀዳ አንድ ችግር አለ። የአባባ ድምፅ መጀመሪያ የራሳቸውን ማይክ ያገኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተጉዞ እማማ ደረት ላይ ያለውን ያገኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታሰሙት ሰውየው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የማይናገረውን ሰው ማይክ መዝጋት ነው። እማማ ደግሞ ጭራሽ አልተናገሩም። ስለዚህ የእሳቸውን ማይክ ሙሉ በሙሉ ዘግቼ በአባባ ብቻ መሥራት ጀመርኩ።

ሁሉም ዝም ያለበት አንድ ትንፋሽ የምታህል ቦታ ፈልጌ፣ ለኮምፒውተሩ «ጫጫታ ማለት ይሄ ነው፣ ከሌላውም ቦታ ልቀምልኝ» አልኩት። ለቀመ። ግን ፍሪጁን አጠፋለሁ ብሎ አባባን ውሃ ውስጥ ነከራቸው። መልሼ አወጣኋቸው። ብየዳውን ቀነስኩ፣ ቆራሌውን በመቀስ አስወጣሁ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለኝ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ በአባባ ንግግር ሥር ያለማቋረጥ ይሄዳል። የእማማ መቁጠሪያ ነው። እሱን ለማጥፋት መጀመሪያ ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ ማግኘት ነበረብኝ። ስለዚህ የአባባን ማይክ ዘጋሁና የእማማን ብቻዋን ከፈትኩ።

አባባ ከሩቅ፣ ከሌላ ክፍል እንደሚመጣ ሰው ይሰማሉ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እሷ ወደ ኬክ ቤቱ ትመጣ ነበር፣ የእኔን ማኪያቶ ካልጠጣች ቀኑ አይመሽላትም እያሉ ነው። ቀጭ ይላል መቁጠሪያው። ከዚያ በጣም ቅርብ፣ ጆሮዬ ውስጥ የተቀመጠች የምትመስል አንዲት የእርጋታ ድምፅ፦

«ሽንት ቤት ፍለጋ ነበር። ወርቅ ቤቱ ሽንት ቤት አልነበረውም።»

ሄድፎኑን አውልቄ ክፍሉን ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። መልሼ ደፍቼ ወደኋላ አጠነጠንኩ። ደግሞ አለችው። ጓደኛዬን ጠራኋትና ምንም ሳልነግራት አንዱን ጆሮ ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ አድርገን ተጠጋግተን ሰማን። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የሄድፎኑ ገመድ አጭር ስለነበር እኔም ተከትያት ወረድኩ።

ወለሉ ላይ እንደተቀመጥን ቀጠልን። አባባ የእማማን ቦርሳ የነጠቀውን ሌባ ከፒያሳ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ እንዴት እንዳባረሩት፣ እዚያም አንገቱን አንቀው ቦርሳዋን እንዴት እንዳስጣሉት በሰፊው ይተርካሉ። ቀጭ፣ ቀጭ። «እሱማ ቁልቁለቱ ላይ ወደቀ እንጂ። ሌባውን የያዘችው ሽንኩርት ሻጯ ናት። እኔ የሱን ጉልበት ሳጥብ ዋልኩ።» ቀጥሎ ሱብሐነላህ፣ ሱብሐነላህ፣ ሱብሐነላህ። ዚክሩ እውነት ነበር፤ በደንብ ይሰማል። አባባ ሲያጋንኑ ብቻ ቆም ይልና፣ እርማት ሰጥቶ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጓደኛዬ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሉ ኖረዋል ማለት ነው አለች። እኔ ድምፁን ከፍ አደረግሁት፤ አባባ ወደ ዋናው ደርሰዋል። ሽማግሌ የላኩበት ታሪክ ነው። የእማማ አባት ቁጡ ሰው ነበሩ፣ ለልጃቸው ባል አይገኝላትም ይባል ነበር፤ ሆኖም የአባባን ዝና ሰምተው ስለነበር ሽማግሌዎቹን ገና ከበር ሲያዩ ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ አማቻቸው እንደ ልጅ ወደዷቸው። አባባ አንድ የማይገባቸው ነገር እንደነበር ግን ሳቅ እያሉ ይናገራሉ። አማቻቸው እስኪሞቱ ድረስ፣ አባባ ቤታቸው በሄዱ ቁጥር «ያንተ እጅ ይባረክ፣ ቦምቦሊኖውስ?» ይሏቸው ነበር። አባባም ከኬክ ቤቱ ገዝተው ይዘው ይሄዳሉ፤ ሥራ ቤቴን እንዲህ የሚወድ አማች አላህ ሰጥቶኝ ነበር ይላሉ።

መቁጠሪያው ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆመ።

«አባቴ እምቢ ብሎ ነበር። ማታ ማታ የማመጣልህን ቦምቦሊኖ የሚጋግረው እሱ ነው አልኩት። በነጋታው እሺ አለ።»

አሁን ሁለታችንም አልሳቅንም፤ ተያየን። አባባ በሕይወታቸው ቦምቦሊኖ ጋግረው አያውቁም። የቡና ማሽን ላይ ነበሩ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ታች ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ምን ሆናችሁ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ሳቅን።

ጓደኛዬ እንደዚሁ አድርገን እናስገባው አለች። እኔ ሳይጠየቁ አይሆንም አልኩ። እማማ ለማይክ አልተናገሩም፤ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። በማግስቱ አባባ ለዐስር ሶላት መስጊድ የሚሄዱበትን ሰዓት ጠብቀን፣ ላፕቶፑን ይዘን ቤታቸው ገባን። እማማን አጠገቤ አስቀምጬ ሄድፎኑን በሻርፓቸው ላይ ደፋሁላቸውና ከፈትኩት።

አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ዓይናቸው ብቻ ይታየኛል፤ እየሰፋ ሄደ።

«ይሄ ሁሉ ተሰምቷል?»

ተሰምቷል አልኳቸው። ከፈለጉ አሁኑኑ እንደማጠፋው፣ ከእኛ ሌላም ማንም እንዳልሰማው ነገርኳቸው። እጃቸውን ከአፋቸው ሳያነሡ አጎነበሱ። ያፈሩ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው የሚስቁት፤ ሶፋው ብቻ ይነቃነቃል።

ጓደኛዬ ለምን ለአባባ እንዳልነገሯቸው ጠየቀቻቸው። አባታቸው በሕይወት እያሉ ቢናገሩ ሽማግሌው ሊያፍሩ ነው፤ ስለዚህ ዝም አሉ። ከሞቱ በኋላ ደግሞ የሚነግሩበት ቀን ጠፋባቸው።

«ከየት ብዬ ላንሣው? ምሳ እየበላን፣ በነገራችን ላይ አንተን የዳረህ ቦምቦሊኖ ነው ልበለው?»

ከዚያ አስገቡት አሉን። አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፤ ሲሰማ ከበሩ አጠገብ ልቀመጥ አሉ።

በዓሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጆችና የልጅ ልጆች ሳሎኑን ሞልተውት፣ ቦታ ያጣው በመስኮት ደፍ ላይ ተቀምጧል። እማማ በተናገሩት መሠረት በር አጠገብ ናቸው። አባባ መሃል፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ የራሳቸውን ድምፅ ለመስማት እንደ ሙሽራ ተዘጋጅተዋል። እኔ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆሜያለሁ።

ማኪያቶው ጋ ደረስን። የአባባ ድምፅ ሞላ ብሎ ወጣ፤ ከሥሩ የእማማ ሹክሹክታ ተከተለ። ለአፍታ ማንም አልገባውም። ከዚያ ትልቁ ልጃቸው የያዘውን ለስላሳ በአፍንጫው አወጣው፤ ቤቱ ፈረሰ። አባባ ግራና ቀኝ አዩ፣ ወደ በሩ አዩ፣ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። ሌባው ጋ ስንደርስ ሳያውቁት እጃቸው ሄዶ ጉልበታቸውን ያዘ። ያንን ሲያዩ ሴት ልጃቸው ተነሥታ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ከዚያ ሳቋ ብቻ ይመጣል።

ቦምቦሊኖው ሲመጣ ግን አባባ ፈገግታቸውን አጠፉ። አቁሚው አሉኝ፤ አቆምኩት። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ሰውየው ተነሡ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ በእማማ አጠገብ ሳያዩዋቸው አልፈው ወጡ።

ሳሎን ያለነው ሁሉ እርስ በርስ መተያየት ጀመርን። አንደኛው ልጃቸው ከኋላቸው ሊወጣ ሲል እማማ ተወው አሉት። ጓደኛዬ እጄን ጨበጠችው። በጫጫታ ጽዳት ሃምሳ ዓመት የቆመ ትዳር አፈረስኩ ብዬ አሰብኩ። ድምፅ ማጉያው እንኳ ሳይጠፋ ቀርቶ ስስ ብሎ ይጮኻል።

ሲመለሱ ዳገቱ አድክሟቸው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። በእጃቸው ዘይት ያወዛው የወረቀት ከረጢት አለ። እማማ ፊት ሄደው ቆሙና ከረጢቱን ዘረጉላቸው።

«እንኪ። በእጄ የጋገርኩት ነው።»

እማማ ሳቁ። ያ ድምፅ የሌለው ሳቃቸው አይደለም፤ ጭንቅላታቸውን ወደኋላ ጥለው፣ ቤቱን የሞላ፣ ልጆቻቸው እንኳ ሰምተውት የማያውቁት ሳቅ ነው። ሁሉም ተከተላቸው። አባባ ስኳሩ በየሸሚዙ ላይ እስኪበተን ድረስ ቦምቦሊኖውን እየዞሩ ለሁሉ አደሉ፤ ለእያንዳንዱም አማቼ ሳይቀምሱ ያመኑበት ሙያዬ ነው ይላሉ። ሽማግሌው ቀምሰውታል እኮ ቢባሉ፣ ከቀመሱማ ማረጋገጫ ነው አሉ። ያን ቀን ማይክ አልያዝኩም ነበር፤ የእማማ ሳቅ ሳይቀዳ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልንወጣ ስንል አባባ በር ላይ ያዙኝ። የቀረጻውን ቅጂ ለዘመድ ሁሉ ከመላኬ በፊት አንድ ነገር እንዳስተካክል ፈለጉ።

«የእሷን ከፍ አድርጊው፣ ልጄ። የእኔንማ ማን ያልሰማው አለ?»

ቀላል መስሏቸው ነው። ሹክሹክታን ከፍ ስታደርጉት ከሱ ጋር ያለው ሁሉ ከፍ ይላል። ዝናቡ መጣ፣ ብየዳው መጣ፣ ያስወጣሁት ቆራሌ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። ሁለቱን ማይኮች ለማስማማት የእማማን ቃል በቃል እየለየሁ፣ እሳቸው ሲናገሩ አባባን ዝቅ፣ አባባ ሲቀጥሉ እማማን ዝቅ እያደረግሁ ሳምንቱን በእሱ ፈጀሁት። የአባባ ድምፅ ወደ እማማ ማይክ ዘግይቶ የሚደርስበትን ያህል የአንዱን ማይክ ቅጂ ገፋ አደረግሁት፤ በርሜሉ ጠፋ። መቁጠሪያውን ግን አላጠፋሁትም። ሳጠፋው እማማ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሆኑብኝ፤ ስመልሰው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀመጡ። በሥራዬ እንደዚያ ሳምንት ተደስቼ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ወንበር ይቀይርብኝ ነበር።

ልጨርስ ስል አባባ ራሳቸው አምስት ኪሎ መጡ። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው፣ የእንቁላል ትሪዎቹን እያዩ ዶሮዎቹስ የት አሉ ብለው ጠየቁኝና ተቀመጡ። የመጡት የእማማን ማይክ ብቻውን ሊሰሙ ነው። የራሳቸውን ድምፅ አልፈለጉትም። ሄድፎኑን አደረግሁላቸውና ከመጀመሪያው ለቀቅሁት። እኔ በሌላ ማዳመጫ አብሬ እሰማለሁ። ልክ እንደ ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። በየእርማቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዳንዴ እውነቷን ነው ይላሉ፣ ሄድፎን ያደረገ ሰው እንደሚያደርገው እየጮኹ።

ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ዝናቡ በጣም ከበረታበት ቦታ፣ አባባ የዛሬ ሴት እንደኔ ያለውን ባል ከየት ታገኛለች እያሉ የሚፎክሩበት ቦታ አለ። እዚያ ጋ እማማ የተናገሩት ነገር ዝናብ መስሎኝ አልፌው ነበር። አባባ እጃቸውን አነሡ፤ አቆምኩ። መልሼ፣ ከዝናቡ ላይ ቀስ ብዬ ጠርጌ፣ ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት።

«እንደገና ባገባም እሱኑ ነው።»

አባባ ሄድፎኑን በሁለት እጃቸው ጫን አደረጉት። ከዚያ ይቺ ለዘመድ አትላክም፣ ለእኔ ብቻ ቆርጠሽ ስጪኝ አሉ። ከዋናው ቅጂ አወጣኋትና ወደ ስልካቸው ላክኋት። ሲሄዱ በር ላይ ዞር ብለው፣ ይቺ ነገር የስልክ ጥሪ መሆን ትችላለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ትችላለች አልኩ፤ አደረግሁላቸው።

የሃምሳኛው ዓመት ቀረጻ በዘመድ ሁሉ ስልክ ዞረ፤ ከደሴም፣ ከሪያድም መልስ መጣ፤ ሰፈር ውስጥ ሰውየውን ሲያገኙ አባባ የሚላቸው የለም፣ ቦምቦሊኖ ነው የሚሏቸው። እሳቸውም ስማቸው እንደዚያ የተሰየመ ያህል አቤት ይላሉ። ችግሩ ስልካቸው ላይ ነው። ሹክሹክታዋ ጥሪ ስትሆን፣ ፒያሳ መሃል ቀርቶ ጸጥ ባለ ሳሎን እንኳ ለሌላ ሰው አትሰማም። ልጆቻቸው ደውለው ደውለው ተስፋ ቆረጡ። ባለፈው ከጓደኛዬ ጋር እቤታቸው ሄድንና፣ እሷ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ደወለችላቸው። አባባ ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ሳያነሡት ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማማ ከሶፋው ጥግ መቁጠሪያቸውን አቁመው ያዩዋቸዋል። ጓደኛዬ ለምን አያነሡትም ብላ ጠየቀቻቸው።

«ካነሣሁት እኮ ትቋረጥብኛለች» አሉ።